ለድሬ ፀሐይ ገንዘብ ከየት ይምጣ?

(በድሬዳዋ ለከተማ ሠራተኞች፣ ለውሃ ባለሙያዎችና ለወጣት መሐንዲሶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ሐረር ውሃ ያጣችበትን ዘመን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ቦቴ ሲጠበቅ፣ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ሲያድር። ሐይቁ ከዓመታት በኋላ ውሃ ቢመለስለትም፣ ሐረርን ያሳረፋት እሱ አይደለም። በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ ከእኛው ቆላ፣ ከአስሊሶ ጉድጓዶች ተነስቶ የደንገጎን ዳገት የሚወጣው መስመር ነው። ውሃው ወደ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ሽቅብ ይገፋል። ውሃ ደግሞ ካልገፉት ዳገት አይወጣም።

እስቲ እናስላው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም ሃምሳ ጀሪካን፣ አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ለማድረግ ቢያንስ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ማንም አይቀንሰውም። ፓምፑና ሞተሩ ተደምረው ከሚበሉት ኃይል 65 በመቶውን ለሥራ ቢያውሉት፣ 4.2 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ውሃው ከቧንቧው ጋር የሚያደርገውን ፍትጊያ ገና አልቆጠርንም። ወደ ጀሪካን ስናወርደው፣ ሐረር ላይ አንዲት እናት የምትቀዳው 20 ሊትር ውሃ ባለ 10 ዋት አምፖል ስምንት ሰዓት የሚያበራ ኤሌክትሪክ ጨርሶ ነው የደረሰላት። ልጇ ሌሊቱን ሙሉ ቢያጠና የሚበቃው መብራት ማለት ነው። ለአንድ ጀሪካን!

ድሬዳዋም የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የሳቢያን ጉድጓዶች ስንት ዓመት አጠጥተውናል። እዚህ የሚገፋው ከፍታ ከሐረሩ ያንሳል። ግን መቶ ሜትር ብቻ እንኳ ብትገፉት፣ በዚያው ስሌት ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ከ0.4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ይህንን በከተማው የቀን ፍጆታ፣ ከዚያም በ365 ቀን አባዙት። በጉድጓድ ውሃ በሚኖር ከተማ፣ ከማዘጋጃ ቤት ወጪዎች ውስጥ ኤሌክትሪክን በዝምታ የሚበላው ፓምፕ ነው።

ስለ ታዳሽ ኃይል ሲወራ ሰው ሁሉ ዐይኑን ወደ ጣሪያ ይልካል። ፓኔል፣ ፎቶ፣ ሪባን። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ማን ይረዳናል?» የሚል ነው። እኔ ግን ዛሬ ወደ ፓምፕ ቤቱ እንድትገቡ ነው የምለምናችሁ። ለከተማ ታዳሽ ኃይል የመጀመሪያው ገንዘብ ያለው እዚያ፣ በወር በወር በሚመጣው የመብራት ቢል ውስጥ ነው። ያንን ገንዘብ ቆጥሮ፣ ቆጥቦ፣ ለብቻው ያስቀመጠ ከተማ ባንክ ፊት ደፍሮ ይቀርባል። ያላደረገ ከተማ ፀሐይ ቢዘንብለትም አበዳሪ አያገኝም።

በቅድሚያ አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መረብ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ነፋሱም አለ፤ በባቡሩ መስመር ወደ ጅቡቲ ስትወርዱ የአይሻን ማማዎች ታገኛላችሁ፣ 120 ሜጋዋት ተብለው የተተከሉ። 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 2017 ተመርቋል። ስለዚህ ድሬዳዋ አንድ ሺህ ፓኔል ብትተክል «ይህን ያህል ካርቦን አዳንኩ» ብላ እንደ አውሮፓ ከተማ ልትናገር አትችልም። ከመረቡ የምታገኘው ኃይል ቀድሞም ንጹሕ ነው። የእኛ ካርቦን ሌላ ቦታ ነው ያለው። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተር ውስጥ ነው። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ የቆሻሻ መኪናው ውስጥ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ በጄኔሬተር ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢሰጥ ነው፤ ከ2.5 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይተፋል። የውሃ ጣቢያ ጄኔሬተር ሌሊቱን ሲያንባርቅ ያደረ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። የገንዘብ ጥያቄ ይዘን ስንሄድ ይህንን በትክክል ካልተናገርን፣ ቁጥር የሚያውቅ አበዳሪ በመጀመሪያው ስብሰባ ይይዘናል።

«መረቡ ንጹሕ ከሆነ፣ ታሪፉም ርካሽ ከሆነ፣ ፀሐይ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ታሪፉ ርካሽ ሆኖ እንደማይቀር ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር፣ ይህም ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተወስኗል። ትናንት የማያዋጣ የነበረ ቁጠባ ዛሬ ያዋጣል፤ ነገ ደግሞ ይበልጥ ያዋጣል። ስሌቱን ከአምስት ዓመት በፊት ሠርቶ «አያዋጣም» ብሎ መዝገብ ቤት የከተተ ቢሮ ካለ፣ ያንን ፋይል ዛሬ ያውጣው።

አሁን ወደ ቧንቧው ልውሰዳችሁ። የድሬ ውሃ ጠንካራ ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያው ቅርፊት በትልቁ ቧንቧና በፓምፑም ውስጥ ይጋገራል። ጉዳቱ ግን ለዐይን ከሚታየው በላይ ነው። የቧንቧው የውስጥ ስፋት አንድ አሥረኛ ቢጠብ፣ ያንኑ ውሃ ለማሳለፍ የሚያስፈልገው የፍትጊያ ግፊት ወደ 70 በመቶ ይጨምራል። በጣት የሚላጥ ቅርፊት ነው፤ በወር መጨረሻ ግን ብር ሆኖ ይከፈላል። በመንገድ የሚፈሰውም እንደዚያው ነው። ከተገፋው አሥር ሊትር ሦስቱ መንገድ ላይ ከፈሰሰ፣ ለሦስቱም ሊትር መብራት ተከፍሏል። ስለዚህ ፓኔል ከመግዛታችን በፊት ቧንቧ ብንጠርግ፣ ያረጀ ፓምፕ ብንቀይር፣ ሞተሩን እንደ ፍላጎቱ የሚያፈጥን የሚያዘገይ መቆጣጠሪያ ብንገጥም፣ የሚያስፈልገን የፓኔል ቁጥር ራሱ ይቀንሳል። ይህ ሥራ ሪባን የሚቆረጥበት አይደለም። ለዚህም ነው ዘወትር የሚዘለለው፤ እኔንም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ፓኔሉ ሲመጣ ደግሞ ድሬ ላይ አንድ ዕድል አለን። ለፓምፕ ከሆነ ብዙ ባትሪ አያስፈልግም። ቀን ፀሐይ እያለ ውሃውን ወደ ሪዘርቫየር መግፋት ነው። ማታ በስበት ይወርዳል። ጋኑ ራሱ ባትሪያችን ነው፤ በሙቀት አይበላሽም፣ በአምስት ዓመት አይጣልም። ሙቀቱን ግን አንናቀው። የፓኔል አቅም የሚለካው በ25 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.3 ወይም 0.4 በመቶ ይቀንሳል። በእኛ ቀትር የፓኔሉ ገጽ 60 ዲግሪ ሲደርስ፣ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ከአሥር በመቶ በላይ ጠፍቷል ማለት ነው። ይህም ተቀንሶ አንድ ኪሎዋት ፓኔል በዓመት ከ1,500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሰጠናል። ብዙ የአውሮፓ ከተሞች የሚመኙት ቁጥር ነው።

እሺ፣ ገንዘቡስ?

ፀሐይ ከናፍጣ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ናፍጣ በየቀኑ ትገዛለህ። ፀሐይ ግን የሃያ ዓመቱን ወጪ በሞላ ጎደል በመጀመሪያው ቀን ነው የምትከፍለው። ስለዚህ የፀሐይን ዋጋ የሚወስነው ከፀሐዩ ይልቅ ወለዱ ነው። ለምሳሌ ያህል 10 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ሥራ እንውሰድ፤ በ15 ዓመት የሚከፈል። ወለዱ 3 በመቶ ከሆነ በዓመት የሚከፈለው 840 ሺህ ብር ገደማ ነው። ወለዱ 16 በመቶ ከሆነ 1.8 ሚሊዮን ብር ገደማ ይሆናል። ያው ፓኔል፣ ያው ፀሐይ፣ ያው ጉድጓድ። ዋጋው ግን ከእጥፍ በላይ። መሐንዲሶች ሆይ፣ አንድ በመቶ ቅልጥፍና ለመጨመር ስንት ሌሊት እንደምትደክሙ አውቃለሁ። ወለድ ላይ የሚካሄደው ድርድር ከዚያ ሁሉ ይበልጣልና በዚያ ስብሰባ ላይ ወንበር ጠይቁ።

ለውሃ ሥራ በአገራችን አንድ በር አለ፣ ብዙ ሰው የማያነሳው። የውሃ ሀብት ልማት ፈንድ ይባላል። በ1994 በአዋጅ የተቋቋመ ነው። ለከተማ ውሃ አገልግሎት ድርጅቶች ከባንክ ባነሰ ወለድ፣ በረጅም ጊዜ ያበድራል። ቅድመ ሁኔታው ተበዳሪው ወጪውን ከውሃ ሽያጩ መመለስ መቻሉ ነው። «ፓምፑን በፀሐይ ማገዝ የመብራት ወጪያችንን በዚህ መጠን ይቀንሳል፣ ብድሩን በዚህ እንመልሳለን» ብሎ የሚቀርብ ድርጅት፣ ከማንም በላይ የሚቀርበው በር ይህ ይመስለኛል። የከተማ መሠረተ ልማትም በአፈጻጸም እየተመዘነ ገንዘብ ሲያገኝ አይተናል። ከ2010 ጀምሮ የዓለም ባንክ 600 ሚሊዮን ዶላር ያቀረበለትን፣ 117 ከተሞች የታቀፉበትን የከተሞች ፕሮግራም አስታውሱ። ከዚያ የተማርነው ሒሳቡን በወቅቱ የዘጋ፣ ኦዲቱን ያስመረመረ ከተማ እንደሚቀድም ነው።

የውጭ ብድርን በተመለከተ ጥንቃቄ እፈልጋለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። የድሬ ሰው ውሃ የሚከፍለው በብር ነው። ገቢው በብር ሆኖ ዕዳው በዶላር የሆነ ውሃ አገልግሎት፣ ምንም ሳያጠፋ ዕዳው በአንድ ክረምት እጥፍ ሊሆንበት ይችላል። የሰው ወርቅ አያደምቅም። የግድ ከሆነም የምንዛሪውን አደጋ ማን እንደሚሸከም በውሉ ላይ በቁልጭ መጻፍ አለበት፤ ከተማዋ ብቻዋን ልትሸከመው አትችልም።

ለዚህ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በሶማሌ ክልል በጋድ፣ በአፋር በዲቼቶ፣ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋዋት የሚያመነጩ የፀሐይ ጣቢያዎች ጨረታ ወጥቶ ነበር። የሳዑዲው አክዋ ፓወር አንድ ኪሎዋት ሰዓት በ2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ለመሸጥ አሸነፈ። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ከታዩት ዝቅተኛ ዋጋዎች አንዱ ነበር። ውልም ተፈረመ። ግን ሥራው በታሰበው ጊዜ አልተጀመረም፤ ቆሞ ቀረ። ከከበዱት ጥያቄዎች አንዱ ባለሀብቱ በብር የሚከፈለውን በምን ዋስትና ወደ ዶላር ይለውጣል የሚለው ነበር። ፀሐዩ ሞልቶ፣ ዋጋው ረክሶ፣ ገንዘቡ ግን መንገድ አጣ።

እንግዲህ በጣም ልቤን የነካው ምሳሌ ከጀርመን ነው። የሽቱትጋርት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ ነገር ጀመረች። ከራሷ በጀት ጥቂት ገንዘብ ለይታ የኃይል ቁጠባ ፈንድ አቋቋመች። የከተማዋ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ያንን ገንዘብ ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች ያለ ወለድ ይሰጣል፤ ለትምህርት ቤቱ ማሞቂያ፣ ለመዋኛው ፓምፕ። መሥሪያ ቤቱ በቢሉ ላይ የሚቆጥበውን ገንዘብ ዕዳው እስኪያልቅ ለፈንዱ ይመልሳል። የተመለሰው ለቀጣዩ ሥራ ይውላል። ገንዘቡ ከከተማው እጅ አይወጣም፤ ይዞራል። የእኛ ሰው ይህንን ለማስረዳት ፕሮፌሰር አያስፈልገውም። ዕቁብ የጣለ ሁሉ ይገባዋል።

ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ፈንድ እንዳናቋቁም ምን ይከለክለናል? እውነቱን ልናገር፦ የበጀት አሠራራችን። አንድ ቢሮ ዘንድሮ መብራት ቢቆጥብ ምን ያገኛል? ሰኔ 30 ሲመጣ የተረፈው ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ «ባለፈው አልተጠቀምክበትም» ተብሎ በጀቱ ይቀነሳል። የቆጠበ ተቀጣ ማለት ነው። ሰኔ ሲደርስ በጀት ለመጨረስ የሚደረገውን ሩጫ እኔ ልነግራችሁ አልችልም፤ እናንተው ታውቁታላችሁ። ሠራተኛው ሰነፍ ስለሆነ የመጣ ችግር አድርጌ አላየውም። ደንቡ ቆጣቢውን ስለማይጠቅም ነው። ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት አንድ አጭር ደንብ ቢያወጣ እወዳለሁ። በቆጣሪ የተረጋገጠ ቁጠባ ለተወሰነ ዓመት ከቢሮው በጀት አይቀነስ። አብዛኛው ወደ ፈንዱ ይግባ፣ ጥቂቱ ለቆጠበው ቢሮ ይቅር። ይህንን ለማድረግ ለጋሽ አያስፈልግም፣ ዶላር አያስፈልግም። ብዕርና ውሳኔ ነው።

መነሻ ገንዘቡ ከየት ይምጣ ካላችሁ፣ የንብረት ታክስ አዋጅ በጥር 2017 ጸድቋል። ከተሞች አዲስ ገቢ ሊያገኙ ነው። ሰው ቤቱ ላይ ታክስ ሲጣልበት «ምን አገኘሁበት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መብቱም ነው። ከዚያ ገቢ ጥቂቱ ቧንቧው ላይ ውሃ ሲያመጣለት ቢያይ፣ ያ መልስ ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቦንድ የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ፤ በተለይ በጥር 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ከተከፈተ ወዲህ። በጎ ምኞት ነው። ጆሃንስበርግ እ.ኤ.አ. በ2014 የ1.46 ቢሊዮን ራንድ አረንጓዴ ቦንድ ሸጣለች። ኬፕ ታውንም እ.ኤ.አ. በ2017 የ1 ቢሊዮን ራንድ ተከትላለች። ሁለቱ ግን ሒሳባቸው ለዓመታት በውጭ ገምጋሚ ሲመረመር የኖረ ከተሞች ናቸው። በሌላ በኩል የሴኔጋልን ዋና ከተማ ዳካርን ተመልከቱ። ዓመታት ደክማ፣ ሒሳቧን አስተካክላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ቦንዱን ልትሸጥ ጥቂት ሲቀራት የአገሪቱ መንግሥት አስቆመው። ከተማ ብቻውን አይበደርም። ለእኛም የፌዴራል መንግሥት ይሁንታ የግድ ነው፤ ያንን ይሁንታ የመጠየቅ ሥራ ከፋይናንስ ባለሙያው ጋር ገና ከመጀመሪያው ይጀመር። በእኔ ግምት ድሬ ለቦንድ ጥቂት ዓመት ይቀራታል። ሦስትና አራት ዓመት የሠራ ፈንድ፣ ንጹሕ ኦዲት፣ የታወቀ ቁጠባ ይዛ ብትሄድ ግን ማንም አይንቃትም።

የመንገድ መብራትን በአጭሩ ልለፈው፣ መንገዱ ታውቋልና። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከ10 ሚሊዮን በላይ የመንገድ መብራቶችን ወደ ኤልኢዲ ቀይራለች። የመንግሥት ኩባንያው በራሱ ገንዘብ ይቀይራል፣ ከተሞቹ ከቁጠባው በዓመታት ይከፍላሉ። አሮጌውን ቢጫ መብራት በኤልኢዲ መተካት ፍጆታውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጃችን፣ ቁጥር 1076/2010፣ ለእንዲህ ያለው ውል መንገድ ይከፍታል። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ፦ ከመቀየሩ በፊት የነበረው ፍጆታ በቆጣሪ ይመዝገብ። ካልተመዘገበ፣ «ይህን ያህል ቆጥቤልሃለሁ» የሚለው ኩባንያ የሚለውን ከመቀበል በቀር ምርጫ አይኖረንም።

«ቆሻሻችንን አቃጥለን መብራት እናውጣ» እያሉ የሚመጡ ሻጮችም አሉ። የአዲስ አበባው ረጲ በ2010 ተመርቋል፣ 25 ሜጋዋት ተብሎ። ግን የእኛን ከተማ ቆሻሻ አስቡት። የምግብ ትርፍራፊ፣ አሸዋ፣ ከሁሉም በላይ ገራባ፣ ማለትም የጫት ትራፊ። እርጥብ ነገር ነው። እርጥብ ቆሻሻ ለማቃጠል መጀመሪያ ውሃውን ለማትነን ኃይል ይሄዳል። እንዲህ ዓይነቱ ለባዮጋዝና ለኮምፖስት ይሻላል። ውድ ማቃጠያ ከመግዛታችን በፊት ቆሻሻው በየወቅቱ ምን እንደያዘ ይመዘን።

ሐረር ካሉ ወዳጆቼ የመጣ ጥያቄ ነበር፤ በጀጎል ቤቶች ጣሪያ ላይ ፓኔል ይሰቀል ወይ የሚል። የእኔ መልስ አይሰቀል ነው። ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ጣሪያውም የቅርሱ አካል ነው። ፓኔሉ በውሃ መስመሩ ላይ ባሉ የግፊት ጣቢያዎች፣ ሜዳ ላይ ይተከል። ሐረር ኃይሉን የምትጠቀመው እዚያው ነው። ለዚህም ድሬዳዋና ሐረሪ አንድ ላይ ቢቀርቡ ይሻላል። ውሃው የሚነሳው በአንዱ፣ የሚጠጣው በሌላው ነው። ለየብቻ ሁለት ትንንሽ ብድር ከመጠየቅ አንድ ደህና የተጠና ሥራ ይዞ መሄድ፣ የጥናቱንም ወጪ መካፈል ይቀላል።

የመጨረሻው ነገር ጥገና ነው። በብዙ ቦታ ተተክሎ የቆመ ፓኔል አይቻለሁ። ፓኔሉ ደህና ነው፤ የተበላሸው ኢንቨርተሩ፣ የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ለሞተር እንዲሆን የሚለውጠው መሣሪያ ነው። ፓኔል ከሃያ ዓመት በላይ ይኖራል። ኢንቨርተር ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር አለበት፤ በሙቀት ክፍል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ይፈጥናል። አቧራውም አለ፤ ድሬ ላይ ፓኔል ካልተጠረገ ምርቱ ይወርዳል። ስለዚህ ብድሩ ሲሰላ ከየዓመቱ ቁጠባ ለኢንቨርተርና ለጥገና የሚቀመጥ ገንዘብ ተቀንሶ ይሁን፣ በሌላ የባንክ ሒሳብ። የሚጠርገው ሰው ደመወዝ፣ የጥበቃው ደመወዝ፣ የመለዋወጫው ዝርዝር በውሉ ውስጥ በስም ይግባ። ያኔ የሚመጣው ኃላፊ ዛሬ እዚህ የለም፤ ገንዘቡን ግን አሁን ልናስቀምጥለት እንችላለን።

የውሃ ባልደረቦች፣ የአሥራ ሁለት ወር የፓምፕ ቆጣሪ ንባብና ቢል ይዛችሁ ብትመጡ አብሬያችሁ ቁጭ ብዬ ለማስላት ዝግጁ ነኝ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።